ድዴን ያዳነው ድዴ ነው

ሰው አፉ ውስጥ ምላጭ ገብቶ በወጣ ሰዓት የነገሩትን ሁሉ ያምናል። እኔም አምኜ ነበር። ከንፈሬ ደንዝዞ፣ ግማሽ ፊቴ የጎረቤት መስሎ፣ ላንቃዬ ላይ የተደረገውን ጎዝ በምላሴ ደግፌ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወረቀት እጄ ላይ አኖሩ። ከላይዋ በሰማያዊ ቀለም «ኦዞን» ትላለች። ቀጥላ «ቁስልዎ ቶሎ እንዲድን»። ከግርጌዋ 3,000 ብር። መናገር ስለማልችል ብሩን በጣቴ ነካ ነካ አደረግሁት። ወጣቱ ሐኪም ገባው። «አዎ ጋሼ፣ የአንድ ቀኑ ነው። አምስት ቀን ነው የሚደረገው።»

ወረቀቷን ገልብጬ ጀርባዋ ላይ «ባላደርገውስ?» ብዬ ጻፍሁለት።

«ይድናል» አለኝ። «ብቻ ይቆያል።»

እግዜር ይስጠው አልዋሸኝም። ይድናል ብሏል። ዋሽቶኝ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ውሸት ዱሮም ያለ ነው። እኔን ያቃጠለኝ እውነቱ ነው። ሳይከፈልበት የሚድን ቁስል መሆኑን ሁለታችንም እያወቅን፣ እሱ በ15,000 ብር ሊሸጥልኝ መነሣቱ፣ እኔ ደግሞ እጄን ወደ ኪሴ መላኬ ነው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ጠቤ ከአንድ ቤት ጋር ሳይሆን ከአንዲት ቃል ጋር ነው፤ «ቶሎ» ከምትባለዋ።

እዚያ ወንበር ላይ ያደረሰኝስ የራሴ ስንፍና ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ የጮቄን ገብስ ቆሎ ስቆረጥም ያደግሁ ሰው ነኝ። ጥርሴ ድንጋይ ነው እያልሁ ስኮራ ድዴን ረሳሁት። መፋቂያ ከአፌ ባይጠፋም የምፍቀው የሚታየውን፣ የፊት የፊቱን ብቻ ነበር። ደም ሳይ «ደሜ በዝቶ ነው» እላለሁ። የታችኛው የፊት ጥርሴ ሥሩ ወጥቶ፣ ጎርፍ አፈሩን እንዳጠበበት የአጥር እንጨት ተገትሮ ሲታየኝ ነው የደነገጥሁት። ታርታሩን እዚሁ ከተማችን አስጠረግሁ፤ ለቀረው አዲስ አበባ ሂድ ተባልሁ። 300 ኪሎ ሜትር፤ በደጀን አባይ በረሃ ወርጄ፣ በጎሐ ጽዮን ወጥቼ። ከላንቃዬ የጥፍር ያህል ሥጋ ገፈው የሸሸው ድድ ላይ ሰፉልኝ። የሰፋው እጅ ይባረክ፣ ሥራው ንጹሕ ነበር። ጉዱ የመጣው መርፌው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ከፈልሁ። አዎ፣ ከፈልሁ! ሌላውን «እንዴት ትታለላለህ» እያልሁ ስገሥጽ የኖርሁ ሰውዬ። መሣሪያው እንደ ንብ እዝዝ አለ፤ የመስታወት ጫፍ ያለው ቱቦ ላንቃዬ ላይ አዞሩልኝ፤ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የማውቀው ሽታ ነው። ልጅ ሆኜ በሐምሌ ከጮቄ ግርጌ በግ ስጠብቅ፣ መብረቅ ወርዶ ዛፍ ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ አየሩን የሚሞላው ሽታ። ለካ ኦዞን ማለት ያ ነው። በ1840 እ.ኤ.አ. ባዝል ከተማ ያስተምር የነበረው ኬሚስት ክርስቲያን ሾንባይን ስም ያወጣለትም ከሽታው ተነሥቶ ነው፤ በግሪክ «ማሽተት» ከሚለው ቃል።

ትምህርት ቤት የተማርነው ኦዞን ሰማይ ላይ ነበር። ፀሐይ እንዳታቃጥለን የተዘረጋ ጃንጥላ፤ ሳሳ፣ ተሸነቆረ ተብሎ በ1987 እ.ኤ.አ. መንግሥታት ሞንትሪያል ላይ የተፈራረሙለት። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። አሁን ላሟ ከሰማይ ወርዳ አፌ ውስጥ ቆማለች። የታለብሁት ግን እኔ ነኝ።

ቤቴ ስመለስ የቀሩትን አራት ቀጠሮዎች ትቼ ማንበብ ጀመርሁ። የተቆጣ ሰው ጥሩ አንባቢ ነው።

የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሁለት አተም ነው፤ ተስማምተው ይኖራሉ። ኦዞን ሦስት ነው፤ ሦስተኛው ቤት አፍራሽ ነው፣ ተላቆ ያገኘው ላይ ይለጠፋል። ባክቴሪያ ካገኘ ሽፋኑን ይበጣጥሰዋል። ይህን ማንም አይክድም። የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ በ1906 እ.ኤ.አ. የመጠጥ ውሃዋን በኦዞን ማጽዳት ጀምራለች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች ተከትለዋታል። ውሃ ግን ሳንባ የለውም። እኛ አለን። አሜሪካኖች ሠራተኛ ስምንት ሰዓት በሚውልበት አየር ውስጥ ኦዞን ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ እንዳያልፍ የወሰኑት ለዚህ ነው። የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣናቸው ደንብማ አፉን ሞልቶ ነው የሚናገረው፤ ኦዞን መርዛማ ጋዝ ነው፣ የሚታወቅ የሕክምና ጥቅም የለውም፣ ጀርም እንዲገድል የሚያስፈልገው መጠን ሰውም እንስሳም ከሚችለው እጅግ ይበልጣል ይላል።

ኦዞን ሻጮቹ ለዚህ መልስ አላቸው። እኛ የምንነካው ቁስሉን ብቻ ነው፣ የተረፈውን መሣሪያው ይመጠዋል ይላሉ። ይሁን። መርዝ ነው ብዬ አልሟገትም፤ መድኃኒት ሁሉ መጠኑ ሲያልፍ መርዝ ነው። የምሟገተው ይሠራል በሚለው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ይኸው ጋዝ የተቦረቦረ ጥርስን ያለ መሰርሰሪያ ያድናል ተብሎ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የሚባለው፣ የሌሎችን ጥናት እያበጠረ የሚመረምረው ማኅበር አበጥሮት የሚታመን ማስረጃ አጣበት። በዓመቱ ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና አማካሪ ተቋም በመንግሥት ሕክምና ከምርምር ውጭ እንዳይሰጥ መከረ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ለድድ ሕመም የተደረጉትን ሙከራዎች ሰብስበው አዩ፤ ድድን ከማጽዳቱ ሥራ ላይ ኦዞን ሲጨመር ለሕመምተኛው የተጨመረለት ጥቅም አልታያቸውም።

የእኔን ዓይነት የላንቃ ቁስል በተመለከተ ሐቁን መደበቅ አይገባኝም። ቱርክና ህንድ ውስጥ የተሠሩ ሙከራዎች አሉ፤ ኦዞን ወይም ኦዞን የገባበት ዘይት የተደረገላቸው ሰዎች ቁስላቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀድሞ ሲሸፈን የታየባቸው። ደስ ይላል። ግን የአንዱ ጥናት ሕመምተኞች ተጠራርተው ቢመጡ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የሚሄደውን አንድ አውቶቡስ አይሞሉም። ኦዞን ያልነካውም ላንቃ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ይዘጋል። እንግዲህ ልዩነቱ በጥቂት ቀን የሚቆጠር፣ እሱም ገና የሚያጠራጥር ነው። ያችን ጥርጥር ነው 15,000 ብር ያሉኝ። የጎጃም ልጅ ነኝና ቅኔ ስሰማ ወርቁን እፈልጋለሁ፤ የዚህኛው ሰሙ ኦዞን ነው፣ ወርቁ ያው ወርቅ ነው።

አሁን ስለ ድድ ልንገራችሁ፤ ማንም አያወራለትምና።

ድድ ከሰውነታችን ሁሉ የዋሁ ነው። ቆዳችን ላይ ቢሆን ዕድሜ ልክ ጠባሳ የሚተው ቁስል አፍ ውስጥ ምልክቱ ይጠፋል። ሕፃን ጣቱ ሲቆረጥ ወደ አፉ የሚወስደው ማንም አስተምሮት አይደለም። ምራቅ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይመነጫል፤ ቁስል እንዲገጥም የሚቀሰቅሱ፣ ጀርም የሚቋቋሙ ነገሮችን ይዞ ሌት ተቀን ያጥበዋል። የቁስሉ ጠርዝ በቀን እስከ አንድ ሚሊ ሜትር እየዳኸ ከወዲያና ከወዲህ ይገናኛል። ድድ ተቆርጦ ላይ ላዩ የሚሸፈነው ከአምስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ነው። በርበሬ እየነሰነስንበት፣ ትኩስ ወጥ እያፈሰስንበት፣ አረቄ እያጋትነው እንኳ ይድናል። የሚያዘገየው ይታወቃል፤ ሲጋራ፣ መላ ያጣ የስኳር በሽታ፣ ያልተጠረገ ቆሻሻ። ሌላውን ይችለዋል።

መዘዙ የመጣው ከዚሁ ቸርነቱ ነው። ዝም ብሎ ስለሚድን፣ በመካከል እጁን የነከረ ሁሉ አዳኝ ይባልበታል።

እናቴ ድዷ ንቅስ ነው። ጥቁር፣ ሰማያዊ ቀመስ። ስትስቅ ነጭ ጥርሷ እንደ ጨረቃ ይወጣበታል፤ አባቴን የጣለው እሱ ነው ይባላል። ልጅ ሳለች መርፌዎች አንድ ላይ ታስረው፣ ጥቀርሻ ተቀብቶባቸው ድዷ ተወጋ። አፏ አብጦ ለቀናት ያለ እርጎና አጥሚት የቀመሰችው አልነበረም። ከዚያ ዳነ። እስከ ዛሬ ነቃሽዋን ትመርቃለች። «ድዴን ያጠነከረችልኝ እሷ ናት፤ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጥርስ አልወለቀም» ትላለች። በቀደም ላንቃዬን ከፍቼ ሳሳያት አተኩራ አይታ «አንተ ልጅ፣ ለዚች ነው ያን ያህል ብር?» አለችኝ። ቀጠለችና «እኛን ነቃሽዋ በአንድ ቁና ገብስ ጨርሳናለች» አለች። ስለ ዋጋው ትክክል ናት። ስለ ጥንካሬው አይደለችም፤ ግን እናቴን ማን ይከራከራታል? ንቅሳት ቢያንስ ያምራል።

የግግ ግን አያምርም።

ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ግግን ማስረዳት አያሻም፤ ለከተሜው ልንገረው። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው አፉ ይከፈታል። ገና ያልበቀለው የክራንቻ ጥርስ ድዱን ወጠር አድርጎ ነጭ መስሎ ይታያል። «ግግ ነው!» ይባላል። ያገኙትን ስል ብረት ይዘው ድዱን ይሰነጥቁና የጥርሱን ፍሬ ፈልፍለው ያወጣሉ። ታናሽ እህቴን እንደዚህ አድርገዋታል። እኔ እግሯን እንድይዝ ታዝዤ ነበር፤ ስድስት ዓመቴ ነው። ጩኸቷ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ተወ። ግግ አውጪዋ ዶሮ ተሰጣት፣ ሠፈሩ ሁሉ መረቃት። ማንም «የሕፃን ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ራሱ ይተዋል» ያለ የለም። እህቴ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ በተፈለፈለው በኩል ክራንቻ የላትም።

እሷ ተርፋለች። በዚያው ክረምት ከማዶ ቤት አንድ ሕፃን በተመሳሳይ ብረት ተፈልፍሎ ሞተ። ለቅሶ ላይ የተባለውን አስታውሳለሁ፤ «እግዜር ወሰደው»። ሲድን የግግ አውጪዋ እጅ፣ ሲሞት የእግዜር። እንዲህ ያለ የሂሳብ አያያዝ ያለው ነጋዴ በሕይወቱ አይከስርም።

አሁን ያችን ወረቀት እንደገና እዩልኝ። ኦዞን ተደርጎለት ቁስሉ ከዳነ መሣሪያው አዳነው። ከዘገየ «ጋሼ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?»፣ «አምስቱን ቀን አልጨረሱም እኮ»። ያው ሂሳብ ነው፣ የተለወጠው ብረቱ ነው። ያኛውን ብረት ሕግ ያውቀዋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን በስም ጠርቶ በሕፃን ሞት ይጠይቃል። ተገቢ ነው። የገጠሯን ሴት «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ብለን በሕግ የጠየቅን ሰዎች፣ ነጭ ጋውን ለብሶ ሶኬት የሚሰካውን ለመጠየቅ ለምን ምላሳችን ይተሳሰራል? ሕፃን ፈልፍሎ የሚገድልና ብር የሚያስከፍል እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ያን ያህል አላበድሁም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ባትነካው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ እንደሚይዘኝ አውቃለሁ። «አንተስ ዳንሁ ትላለህ፤ አንድ ቀን ተደርጎልሃል፤ ያዳነህ ያ አንዱ ቀን ቢሆንስ?» ይለኛል። ልክ ነው! የእኔ ላንቃ ማስረጃ አይሆንም፤ በሃያኛው ቀን ተዘግቶ ቆሎ ብቆረጥምበትም አይሆንም። የአንድ ሰው አፍ ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ ለኦዞንም፣ ለነቃሽዋም፣ ለግግ አውጪዋም፣ ለእኔም። ስለዚህ ነው «እገሌ ተደርጎለት በሳምንቱ ዳነ» የሚለኝን ሰው ቡና ጠጥቼለት ዝም የምለው።

ደግሞ የማይድን ድድ አለ።

የተራበ ሕፃን፣ ኩፍኝ የደቆሰው ሕፃን፣ ድዱ ይቆስላል። እንደ እኔ ድድ አይገጥምም። በቀናት ውስጥ ጉንጩን ይበላዋል፣ መንጋጋውን ያጋልጠዋል። ኖማ ይባላል። በብዛት የሚያጠቃው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ነው፤ ሳይታከሙ ከቀሩ ከአሥሩ እስከ ዘጠኙ ይሞታሉ። የተረፉት ፊታቸው ተበልቶ ይቀራሉ፤ እናት ልጇን ከሰው ትደብቃለች። ፌሲንግ አፍሪካ የሚባል የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ለዓመታት አዲስ አበባ ድረስ ቀዶ ሐኪሞች እያመጣ የእንዲህ ያሉ ኢትዮጵያውያንን ፊት ሲሠራ ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት ከተነፈጉት የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። እና ይህ ጭራቅ ሲጀምር ምንድን ነው? የሚደማ፣ የሚሸት ድድ። በዚያች ሰዓት የሚያስቆመው የታወቀ አንቲባዮቲክ፣ አፍን በጨው ውሃ ማጠብ፣ ምግብ ነው። ያ ሁሉ ተደምሮ የእኔን የአንድ ቀን ኦዞን አያወጣም።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ራሱ ለሚድነው ድድ መሣሪያ አስመጥተናል። ራሱ ለማይድነው ድድ፣ ጤና ጣቢያ ላይ የሕፃን አፍ ከፍቶ በባትሪ የሚያይ ሰው አልበቃንም። ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከፈረስ ቤት ገጠር ልጇን አዝላ የምትወጣ እናት መጀመሪያ የምታገኘው ማንን ነው? ግግ አውጪዋን። ቅርብ ናት፣ መንገድ ሲዘጋም አትዘጋም፣ ትሰማለች፣ ዶሮ ትቀበላለች። እሷን ለመተካት ድድ ማየት የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ኦዞን አያስፈልግም።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚባል ሕግ አለን፤ የሕክምና መሣሪያም በእሱ ሥር ነው። ባለሥልጣኑ አንድ ነገር ይጠይቅልን። መሣሪያው ጀርም መግደሉን አይጠይቅ፤ በረኪናም ይገድላል። ለየትኛው ቁስል፣ ካለ እሱ ከሚድነው ስንት ቀን እንደሚያስቀድም ይጠይቅ፤ መልሱም ከዋጋው አጠገብ በአማርኛ ይለጠፍ። የጥርስ ሐኪም ተማሪዎቻችን ደግሞ መመረቂያ ጽሑፍ አጡ ሲባል እሰማለሁ። ይኸውላችሁ፤ ለግማሹ ኦዞን፣ ለግማሹ ባዶ አየር የሚነፋ መሣሪያ፣ ቁስሉን የሚለካው ሰው የትኛው የማን እንደሆነ ሳያውቅ። ኦዞን ካሸነፈ እኔ ጎዝ ነክሼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የቀሩትን አራት ቀናትም እከፍላለሁ።

አንተ ልጄ፣ ላንቃዬን የሰፋኸው። ይህን ካነበብህ አትቀየመኝ። እጅህ ወርቅ ነው፤ ስፌቱን ያየ የደብረ ማርቆስ ሐኪም ሁሉ አድንቆልሃል። ስጠይቅህ እውነቱን ነግረኸኛል፤ እንግዲህ ሳይጠይቁህም ተናገር። ያችን ሰማያዊ ወረቀት ስታሳትም «ቶሎ» የምትለዋን ፋቃትና በቦታዋ አንተው የነገርኸኝን ጻፍባት፤ «ባያደርጉትም ይድናል»።